የዋሻ አፍና አካባቢው በፎቶግራፍ

የዋሻ አፍ ብርሃንና ጨለማ እጅግ ተራርቀው በአንድ ቦታ የሚገኙበት ስፍራ ነው። የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ባረፈበት ድንጋይ ላይ 100 ሺህ ሉክስ ገደማ ብርሃን ይወርዳል። ከዚያው ድንጋይ ተነስቶ ጥቂት አሥር ሜትሮች ወደ ውስጥ ለገባ ሰው ብርሃኑ ወደ 10 ሉክስ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 10 ሺህ እጥፍ ነው። በዚህ ቦታ ጥሩ ፎቶ ለማንሳት ውድ ካሜራ ከመያዝ ይልቅ ይህን ልዩነት ማወቅና አስቀድሞ ማሰብ ይበልጣል።

ፎቶግራፍ አንሺዎች ብርሃንን የሚለኩት “ስቶፕ” በሚሉት መለኪያ ነው። አንድ ስቶፕ መጨመር ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ማለት ነው። ጥሩ የሚባሉ የዘመኑ ካሜራዎች በአንድ ፎቶ ከ12 እስከ 14 ስቶፕ ድረስ ይይዛሉ። 13 ስቶፕ ከ8 ሺህ እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ የዋሻ አፍ ካሜራውን አቅሙ የሚያበቃበት ጫፍ ድረስ ይወስደዋል፤ ብዙ ጊዜም ያልፈዋል። የሰው ዓይን ግን ጨለማውን ሲያይ እየሰፋ፣ ደጁን ሲያይ እየጠበበ ሁለቱንም በየተራ ይቃኛል፤ አእምሮም አንድ አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ከፀሐይ የገባ ሰው ዓይኑ ጨለማውን በደንብ እስኪለምድ ድረስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሰዎች “በዓይኔ ያየሁት ሌላ፣ ፎቶው ያሳየኝ ሌላ” የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ አንሺው ገና ከመጀመሪያው መምረጥ አለበት። ካሜራውን በደጁ ብርሃን ልክ ቢያስተካክል ሰማዩና ዛፉ ጥርት ብለው ይወጣሉ፣ የዋሻው ግድግዳም ጥቁር ክፈፍ ይሆናል። በውስጡ ብርሃን ልክ ቢያስተካክል የድንጋዩ መልክና ቀለም ይታያል፣ ደጁ ግን ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ሁለቱንም ከፈለገ ወይ የተለያየ ብርሃን ያላቸውን ብዙ ፎቶዎች አንስቶ ማዋሃድ፣ ወይ ውስጡን በባትሪና በፍላሽ ማብራት፣ ወይም ፀሐይዋ የምትለዝብበትን ሰዓት መጠበቅ ይኖርበታል።

የዋሻ አፍ እንዴት ይፈጠራል?

በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ ዋሻዎች አብዛኞቹ የሚገኙት በኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና ደካማ አሲድ ይሆናል። ይህ ውኃ በድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ ኖራውን በብዙ ሺህ ዓመታት ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ስንጥቁ ሲሰፋ ወንዝ ይገባበታል፤ ወንዙም ጠጠርና አሸዋ እየገፋ መንገዱን ይቦረቡራል። ወንዙ የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ የዋሻው አፍ ይሆናል። እንዲህ ያለው አፍ ሰፊ ነው፤ ድንጋዩ በውኃ የለሰለሰና የተቦረቦረ ስለሆነ ከጎን የሚመጣ ብርሃን እያንዳንዱን ጉድጓድና ጠርዝ ያጎላል።

ሌላው ዓይነት አፍ የሚፈጠረው የዋሻው ጣሪያ ሲደረመስ ነው። በዚህ ጊዜ ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል፤ አየሩ ውስጥ ጉም ወይም አቧራ ካለም ጨረሩ እንደ ምሰሶ ይታያል። በቬትናም የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝና በቬትናም አሳሾች የተለካው ሶን ዶንግ ዋሻ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጣሪያው በተደረመሰበት ስፍራ ፀሐይ ስለምትገባ በዋሻው ውስጥ ደን በቅሎበታል። በካርስተን ፒተር የተነሱትና በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በጥር 2011 እ.ኤ.አ. የወጡት ፎቶዎች ዋሻውን ለዓለም አስተዋውቀዋል። ከእነዚህ ሌላ፣ የቀለጠ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላዩ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ፈስሶ በማለቁ የሚቀሩ ቱቦ መሰል ዋሻዎች አሉ፤ በባሕር ዳርቻም ማዕበል የሚቆፍራቸው አሉ።

ከአፉ ወደ ውስጥ ሲኬድ ሦስት ክፍሎች ይታያሉ። የመጀመሪያው በቀጥታ ብርሃን የሚያገኘው መግቢያ ሲሆን ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ይበቅልበታል። ሁለተኛው የድንግዝግዝ ክፍል ነው። በዚህ ክፍል አበባ የሚያወጡ ተክሎች እየቀነሱ ይሄዳሉ፤ ቦታቸውን ፈርን፣ ቀጥሎም ድንጋዩ ላይ የሚለጠፍ አረንጓዴ ሽፋን፣ በመጨረሻም በዓይን እንደ ቀለም ብቻ የሚታይ አልጌ ይይዛል። ሦስተኛው ፍጹም ጨለማ ሲሆን በብርሃን የሚኖር ተክል የለበትም። አረንጓዴው እየሳሳ ወደ ባዶ ድንጋይ የሚለወጥበት መስመር ብርሃኑ እስከ የት እንደሚደርስ በግልጽ ያሳያል፤ ለፎቶግራፍም ከዋሻው ክፍሎች ሁሉ የበለጠ ቀለም ያለው ይህ መስመር ነው።

ጨለማን ያሸነፈው ብርሃን

ከመሬት በታች ፎቶ ማንሳት ከተጀመረ ከ160 ዓመት በላይ ሆኖታል። ፈረንሳዊው ናዳር እ.ኤ.አ. በ1861 በፓሪስ ከተማ ሥር ያሉትን የአፅም ማከማቻ ዋሻዎች በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ የኤሌክትሪክ መብራት አነሳ። አንዱን ፎቶ ለመቅረጽ እስከ 18 ደቂቃ ይፈጅ ስለነበር፣ ያን ያህል ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የሚቆም ሠራተኛ ባይገኝ በሰው ምትክ አሻንጉሊት አቁሟል። በ1864 እንግሊዛዊው አልፍሬድ ብራዘርስ በደርቢሻየር ዋሻ ውስጥ የማግኒዚየም ሽቦ አቃጥሎ ፎቶ አነሳ። በ1866 ደግሞ ቻርልስ ዋልዳክ በአሜሪካ ኬንታኪ የሚገኘውን ማሞት ዋሻ በዚሁ በማግኒዚየም ብርሃን ቀረጸው። ማግኒዚየም ሲነድ ደማቅ ነጭ ብርሃን ይሰጣል፤ ጭሱ ግን ዋሻውን ስለሚሞላ ሁለተኛ ፎቶ ለማንሳት ጭሱ እስኪወጣ መጠበቅ ግድ ነበር። ቀጥሎ የማግኒዚየም ዱቄት፣ የፍላሽ አምፖልና የኤሌክትሮኒክ ፍላሽ እየተተካኩ መጡ። ዛሬ በአንድ እጅ የሚያዝ የኤልኢዲ ባትሪ ያኔ በብዙ ጭነት የሚመጣውን ሥራ ይሠራል።

መሣሪያና አሠራር

ለዋሻ አፍ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ካሜራውን ሳይነቃነቅ የሚይዝ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ነው። ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ የካሜራው መስኮት (ሻተር) ለረጅም ጊዜ መከፈት አለበት፤ በእጅ ተይዞ ይህን ማድረግ አይቻልም። ሌንሱ ሰፊ እይታ ያለው፣ ለምሳሌ ከ14 እስከ 24 ሚሊሜትር ቢሆን የአፉን ሙሉ ቅርጽ ያስገባል። ማንሻውን በጣት መጫን ካሜራውን ስለሚያናውጠው የሁለት ሴኮንድ መዘግየት መጠቀም ይመከራል። ፎቶው በ“ሮው” (ባልተቀነባበረ) ፋይል ቢቀመጥ በጥላው ውስጥ የተሰወረውን ዝርዝር በኋላ ማውጣት ይቀላል።

አሠራሩን በቁጥር ማየት ይረዳል። የካሜራው የብርሃን ትብነት (አይኤስኦ) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት (አፐርቸር) ኤፍ 8 ላይ ሆኖ በጠራ ፀሐይ ያለ ደጅ በሴኮንድ 400ኛ ጊዜ በትክክል ይወጣል። ካሜራው ሳይንቀሳቀስ፣ ጊዜው ብቻ በሁለት ሁለት ስቶፕ እየጨመረ በ100ኛ፣ በ25ኛ፣ በ6ኛ፣ በ0.6 ሴኮንድና በ2.5 ሴኮንድ ቢነሳ ከሰማዩ ደመና እስከ ግድግዳው ስንጥቅ ያለው ሁሉ በስድስቱ ፎቶዎች ውስጥ ይገኛል። ኋላ በኮምፒውተር ይዋሃዳሉ። በስድስቱም ጊዜ አፐርቸሩ መለወጥ የለበትም፤ ከተለወጠ በየፎቶው ጥርት ያለው ክፍል ስለሚለያይ ሲዋሃዱ ይደበዝዛሉ።

ፎከስን በተመለከተ ካሜራው በጨለማ ውስጥ ራሱ መፈለግ ይቸግረዋል። መፍትሔው የተፈለገውን ድንጋይ በባትሪ አብርቶ ፎከስ ማድረግና ከዚያ ወደ እጅ አሠራር ማዞር ነው። ትልቅ ሴንሰር ባለው ካሜራ፣ 16 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 8 ከአንድ ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ፎከስ ቢደረግ ከግማሽ ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ በቂ ጥራት ይኖረዋል። ስለዚህ እግር ሥር ያለ ፈርንና ማዶ ያለ ተራራ በአንድ ፎቶ ሊገቡ ይችላሉ።

ስልክ ያለው ሰውም ተስፋ አይቆርጥም። የዘመኑ ስልኮች ብዙ ፎቶዎችን በራሳቸው ያዋህዳሉ። ሆኖም ስክሪኑ ላይ የደጁን ብርሃን በጣት ተጭኖ መያዝና ብርሃኑን በትንሹ መቀነስ ሰማዩ ነጭ ሆኖ እንዳይጠፋ ይረዳል። ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ በመዘግየት ማንሳት በእጅ ከማንሳት በእጅጉ ይሻላል።

ውስጡን ለማብራት የሚጠቀሙበት ፍላሽ ወይም ባትሪ ከካሜራው ላይ መነሳት አለበት። በዋሻ አየር ውስጥ የውኃ ብናኝ፣ አቧራና የሰው ትንፋሽ ይንሳፈፋል፤ ብርሃኑ ከሌንሱ አጠገብ ከተለቀቀ ብናኙ ቀድሞ ያበራና ፎቶው በነጫጭ ነጥቦች ይሞላል። በተጨማሪም ፊት ለፊት የመጣ ብርሃን ጥላ ስለማይፈጥር ግድግዳው ጠፍጣፋ ይመስላል። ረዳት ሰው ከምሰሶ ኋላ ተደብቆ በጎን ቢያበራ ግን ቅርጹ ይወጣል። የብርሃን ጉልበት ከርቀት ጋር በፍጥነት እንደሚቀንስም መዘንጋት የለበትም፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ይሆናል። በ5 ሜትር ግድግዳውን በደንብ ያበራ ባትሪ በ10 ሜትር ለተመሳሳይ ውጤት አራት እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። የባትሪው ቀለምም ከደጁ ብርሃን ጋር መቀራረብ አለበት፤ ቢጫ ባትሪና ሰማያዊ ጥላ በአንድ ፎቶ ሲገናኙ ዓይን ይረብሻሉ።

ፍሬም፣ መጠንና ሰዓት

የዋሻ አፍ ከሁለት ወገን ይነሳል። ከውጭ ሲነሳ የተራራው ገጽ፣ ዛፉና ጥቁሩ ቀዳዳ ይታያሉ፤ ዋሻው የአካባቢው አንድ ክፍል ይሆናል። ከውስጥ ወደ ውጭ ሲነሳ ደግሞ አፉ ራሱ ክፈፍ ሆኖ የደጁን ዓለም ያቅፋል። በሁለተኛው አነሳስ ትንሽ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ መራመድ የክፈፉን ቅርጽ ሙሉ በሙሉ ስለሚለውጠው ማቆሚያውን ከመትከል በፊት በእግር መዞር ይጠቅማል።

ዋሻ በፎቶ ሲታይ መጠኑ ይጠፋል፤ 5 ሜትር ይሁን 50 ሜትር መለየት አይቻልም። ስለዚህ አንድ ሰው በፍሬሙ ውስጥ መቆሙ የተለመደ ነው። ሰውየው ከብርሃኑ ፊት ለፊት፣ እጅና እግሩ ከሰውነቱ ተለያይቶ እንዲታይ ሆኖ ቢቆም ቅርጹ ከሩቅ ይለያል። ፎቶው ረጅም ጊዜ ከወሰደ እንደ ናዳር አሻንጉሊት ቀጥ ብሎ መቆም ይኖርበታል።

ሰዓትን የሚወስነው አፉ ወዴት እንደሚያይ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚያይ አፍ በማለዳ፣ ወደ ምዕራብ የሚያይ በሠርክ ቀጥተኛ ብርሃን ያገኛል። ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚያዩት ግን በወቅቱ ይወሰናሉ። ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ የቀትር ፀሐይዋ በዓመት ውስጥ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ትሻገራለች። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ7 ዲግሪ ገደማ በሚገኙት የባሌ ቆላዎች፣ ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ በስተ ሰሜን ትሆናለች፤ በቀሩት ወራት በስተ ደቡብ። በአውሮፓ መጻሕፍት የሚነበበው “ወደ ሰሜን የሚያይ አፍ የቀትር ፀሐይ አያገኝም” የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም። ደመናማ ቀን ደግሞ የደጁን ብርሃን ስለሚያለዝብ ልዩነቱን በብዙ ይቀንሳል፤ ሰማዩን ከፍሬሙ አውጥቶ አረንጓዴውን ለማንሳት ከጠራ ቀን ይመረጣል።

ሶፍ ዑመር

ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ ለማየት በባሌ የሚገኘው የሶፍ ዑመር ዋሻ ይመቻል። ዋሻው ከሮቤ ከተማ በስተ ምሥራቅ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ይገኛል። መንገዱ ከባሌ ደጋማ የስንዴ ማሳዎች ተነስቶ ግራርና ቁጥቋጦ ወደ ሞላበት ቆላ ይወርዳል። ከባሌ ተራሮች የሚነሳው የወይብ ወንዝ በጥንታዊ ባሕር ውስጥ የተነባበረውን የኖራ ድንጋይ ሰንጥቆ ከመሬት በታች ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1972 እንግሊዛውያን አሳሾች በለኩት መሠረት የዋሻው መንገዶች ሲደመሩ 15.1 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ፤ በኢትዮጵያም ረጅሙ የታወቀ ዋሻ ነው። ስያሜውን ያገኘው በትውፊት በዚያ ተጠልለው ያስተማሩ ከሚባሉት ሼህ ሶፍ ዑመር ነው። ቦታው እስካሁን በሙስሊም ምእመናን ዘንድ የተከበረ የዝያራ ስፍራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ጊዜያዊ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ወንዙ ወደ ዋሻው የሚገባው ከመንደሩ ሥር፣ አዪው ማኮ በሚባለው አፍ ነው፤ የሚወጣው ደግሞ ሆሉቃ በሚባለው ነው። በመግቢያው ላይ ቆሞ ለሚያነሳ ሰው ውኃው ራሱ ሁለተኛ የብርሃን ምንጭ ይሆንለታል፦ ከደጁ የመጣው ብርሃን ወንዙ ላይ ነጥሮ ጣሪያውን ከሥር ያበራዋል። በግማሽ ሴኮንድና በሁለት ሴኮንድ መካከል በተከፈተ ሻተር ውኃው ይለሰልሳል፤ በአጭር ጊዜ ሲነሳ ደግሞ የጣሪያው ነጸብራቅ በሞገዱ ላይ ተቆራርጦ ይታያል። ወደ ውስጥ ሲገባ ወንዙ ድንጋዩን ቦርቡሮ የተዋቸው ምሰሶዎች ያሉበት አዳራሽ ይገኛል። የደጅ ብርሃን እዚያ ስለማይደርስ ሥራው ሁሉ የባትሪ ነው። ረዳቱ ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው እየሄደ በየኋላቸው ቢያበራ ምሰሶዎቹ ከጨለማው ተለይተው በረድፍ ይወጣሉ።

ከአፉ ውጭ ያለው ገደልም የራሱ ነዋሪዎች አሉት። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝና በሳልቫዶሪ ስም የምትጠራ፣ ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነ ዘር በሊታ ወፍ በሶፍ ዑመር አካባቢ ስለምትታይ ወፍ ወዳጆች ይመጣሉ። ወፍ ለማንሳት ለዋሻው የሚያገለግለው ሰፊ ሌንስ አይሆንም፤ ከ300 ሚሊሜትር በላይ ያለው ያስፈልጋል። ሰዓቱም ሙቀቱ ሳይበረታ ማለዳ ነው።

ሰው የሠራበት አፍ

ከላሊበላ ሰሜናዊ ምሥራቅ በሚገኘው ተራራ ላይ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስ ሌላ ዓይነት ችግር ያቀርባል። እዚህ ቤተ ክርስቲያኑ የታነጸው በሰፊ ዋሻ አፍ ውስጥ ነው። ግድግዳው በእንጨትና በነጭ ልስን ተፈራርቆ የተሠራ ስለሆነ፣ ጨለማው ድንጋይና ነጩ ልስን በአንድ ፍሬም ይገናኛሉ። ካሜራው ለጣሪያው ብርሃን ቢስተካከል ነጩ ልስን ይቃጠላል፤ ስለዚህ መለኪያውን በልስኑ ላይ አድርጎ ድንጋዩ እንዲጨልም መፍቀድ ይሻላል። በውስጥ ያሉ ሥዕሎችና የአምልኮ ሥርዓት ካህናቱ ሳይፈቅዱ አይነሱም፤ ፍላሽም አይበራም። በሶፍ ዑመርም እንዲሁ የሚጸልዩ ሰዎችን ከማንሳት በፊት የአካባቢውን አስተናባሪዎች መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለዋሻውና ለራስ መጠንቀቅ

በአብዛኞቹ ዋሻዎች የሌሊት ወፎች ይኖራሉ። ቀን የሚያርፉበትን ጣሪያ በፍላሽ መምታት ያስደነግጣቸዋል፤ ግልገል ያዘሉ እናቶች ልጆቻቸውን ሊጥሉ ይችላሉ። በአሜሪካ ካርልስባድ ዋሻ የሌሊት ወፎቹ ምሽት ላይ ሲወጡ ለማየት የሚሰበሰበው ሕዝብ ካሜራና ስልክ እንዳይጠቀም የተከለከለው ለዚሁ ነው። ጥንቃቄው ለአንሺው ጤናም ያስፈልጋል፦ የደረቀ የሌሊት ወፍ ኩስ ሳንባን የሚያጠቃ ፈንገስ ሊይዝ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በኡጋንዳ የፓይተን ዋሻን የጎበኘች ሆላንዳዊት በማርበርግ ቫይረስ ሞታለች። የሌሊት ወፍ በብዛት ወዳለበት ዋሻ ያለ በቂ ምክንያትና ያለ መከላከያ አለመግባት ይሻላል። ጃርትና ጅብም የዋሻ አፍ ስለሚወዱ በደጃፉ ዱካ፣ እሾህ ወይም አጥንት ካለ መመለስ ይገባል።

ከጣሪያ የተንጠለጠሉት የኖራ ዘንጎች የሚያድጉት እጅግ በዝግታ ነው፤ ብዙዎቹ በዓመት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ አይበልጡም። አንድ ክንድ ያህል ዘንግ የሺህ ዓመታት ሥራ ስለሆነ ማቆሚያ ሲተከልና ቦርሳ ሲዞር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በጣት መነካካትም የሰውነት ቅባት ስለሚተው መልካቸውን ያበላሻል።

ወንዝ ያለበት ዋሻ ከሩቅ በዘነበ ዝናብ ሳይታሰብ ሊሞላ ይችላል፤ በሶፍ ዑመር ወንዙን ደጋግሞ መሻገር ስለሚያስፈልግ ደረቁ ወቅት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ይመረጣል። ብቻን አለመግባት፣ መንገድ የሚያውቅ የአካባቢ ሰው መያዝ፣ የራስ ቁር ማድረግና ቢያንስ ሦስት የብርሃን ምንጭ መያዝ በዋሻ አሳሾች ዘንድ የተለመደ ሕግ ነው። ካሜራውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዋሻ ውስጥ ሙቀት ከአካባቢው የዓመት አማካይ ሙቀት ብዙ አይርቅም፤ ቀዝቃዛ ካሜራ ወደ ሞቃትና እርጥብ አየር ሲወጣ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል። ከመውጣት በፊት በፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ ሙቀቱ እስኪስተካከል መጠበቅ በቂ ነው።

ከተነሳ በኋላ

በኮምፒውተር ላይ ፎቶዎች ሲዋሃዱ የሚፈጸመው የተለመደ ጥፋት ጨለማውን ሁሉ ማብራት ነው። ጥላ የሌለው ዋሻ ጥልቀቱን ያጣል፤ ግድግዳውም የስቱዲዮ ጀርባ ይመስላል። የውስጡ ድንጋይ ከደጁ ሰማይ ሁልጊዜ እንዲጠቁም፣ ከጥላውም ጥቂቱ ፍጹም ጥቁር ሆኖ እንዲቀር መተው ለእውነቱ ይቀርባል። በጥላ ውስጥ ያለ ድንጋይ ሰማያዊ፣ በፀሐይ ያለው ቢጫማ ሆኖ ከወጣም ይህ የተፈጥሮ ልዩነት ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አያስፈልግም።

ከፎቶው ጋር የዋሻው ስም፣ የተነሳበት ወርና ሰዓት፣ አፉ የሚያይበት አቅጣጫና በፍሬሙ ያለው ሰው ቁመት ቢጻፍ ፎቶው ለጂኦሎጂ፣ ለተክል ጥናትና ለቅርስ ጥበቃ ማስረጃ ይሆናል። በየዓመቱ ከአንድ ቦታ የተነሱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲታዩ የወንዙን መሸርሸር፣ የዛፉን መመናመንና የጎብኚውን ጉዳት ያሳያሉ። ጥበቃ የሌለውና በቀላሉ ሊጎዳ የሚችል ዋሻ ከሆነ ግን ስልኩ ከፎቶው ጋር የሚያስቀምጠውን የቦታ መረጃ ለሕዝብ ከማሰራጨት በፊት ማጥፋት ይገባል።